መብራት ጠፍቶበት ያደረ የፋሲካ ሥጋ፦ ይጣል ወይስ ይዳን?

ጥያቄው የተነሣው አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው፤ ጠያቂዋ የባሕር ዳር ነዋሪ ናት። ለፋሲካ ከጎረቤቶቿ ጋር ቅርጫ ገብታ 12 ኪሎ ያህል ሥጋ ደርሷታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥቂቱን ለጥብስ ቆራርጣ በትንንሽ ላስቲክ ለየችው። የቀረውን ለሁለት ከፍላ፣ በሁለት ጥቁር ፌስታል አጭቃ ዲፕ ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተችው። ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የተመለሰው ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ፍሪዘሩ ውስጥ ለቅበላ ተገዝቶ የተረፈ የተፈጨ ሥጋና አንድ ሙሉ ዶሮም ነበር። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ የበዓሉ ዶሮ ወጥ ከነድስቱ። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ የቱ ይጣል፣ የቱ ይዳን? እንዲህ ያለ ጥያቄ ያልገጠመው ቤት ከተማችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መልሶቹን በየተራቸው ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ እንኳን አደረሰሽ ብሎ ጀመረ። ምክሩ ሥጋውን አሽትታ እንድትወስን ነው፤ ካልሸተተ ችግር የለውም ባይ ነው። 2ኛው ደገፈው። እናቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአፍንጫቸው እየለዩ ልጆች እንዳሳደጉ፣ የሆድ ሕመም ቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ ጻፈ። 3ኛዋ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። ሁለቱንም በትሕትና አረመቻቸው። ሥጋን የሚያሸተው ባክቴሪያና ሰውን የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሳልሞኔላ ያለበት ሥጋ መልኩም ሽታውም ደህና ሊሆን ይችላል። ሥጋ ከሸተተ ይጣላል፤ አልሸተተም ማለት ግን ይበላል ማለት አይደለም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቀጥሎ የመጣው ክርክር ሁሉ የዞረው እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

4ኛው ትዕግሥት አልነበረውም። ሁሉም ተጠራርጎ ገንዳ እንዲገባ ጻፈ፤ ከሥጋ ጤና ይበልጣል ነው ነገሩ። 5ኛዋ ተቆጣች። የበሬ ዋጋ የት እንደደረሰ የማያውቅ ሰው ብቻ እንዲህ እንደሚናገር፣ ለብዙ ቤት 12 ኪሎ ሥጋ መጣል የወር አስቤዛ መጣል እንደሆነ ነገረችው። የሁለቱም ሐሳብ ይገባኛል። ግን አንድ በአንድ መለየት እየተቻለ ሁሉን መጣልም ሁሉን ማትረፍም ምን አመጣው?

መለየቱን ያመጣው 6ኛው ነው። የምግብ ደኅንነት የተማረ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ፣ ፍሪጅ ደግሞ ከ4 ዲግሪ ሳይበልጥ መሥራት አለበት። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን ለ48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሹ የሞላ ለ24 ሰዓት። ፍሪጅ ግን የሚችለው 4 ሰዓት ብቻ ነው። በረዶው ያልለቀቀ ሥጋ፣ ወይም ቅዝቃዜው ከ4 ዲግሪ ያላለፈ፣ ተመልሶ መግባት ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ያለው መሃል ባክቴሪያ የሚራባበት ነው፤ ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሥጋ ጥሬም ይሁን የበሰለ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። በሚያዝያ ሙቀት ከሰል ተያይዞበት ድስት በተጣደበት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ይሄ ሁለተኛው ነው። መጨረሻ ላይ ጠያቂዋን ሦስት ነገር ጠየቃት፤ የፍሪዘሩ በር ተከፍቶ እንደነበር፣ ምን ያህል ሞልቶ እንደነበር፣ እያንዳንዱ ጥቅል ሲነካ ድንጋይ መሆኑን ወይም መለስለሱን።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው 7ኛው መልስ ነው። የ48 ሰዓቱ ስሌት አስቀድሞ እስከ መሃሉ በረዶ ሆኖ ለደረቀ ሥጋ እንደሆነ አስታወሰች። የእሁዱ ሥጋ ግን የገባው የበሬውን ሙቀት እንደያዘ ነው። አምስት ኪሎ ሥጋ በአንድ ፌስታል ሲታጨቅ ዳሩ ይደርቃል፣ መሃሉ ግን ለረጅም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ፍሪዘርም አቅም አለው። 200 ሊትር የሚይዝ የቤት ፍሪዘር በአንድ ቀን በወጉ የሚያደርቀው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ትኩስ ሥጋ ሲገባበት የቆየውንም ያሞቀዋል። እንግዲህ ችግሩ መብራቱ ሳይጠፋ ጀምሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ትላልቆቹን ጥቅሎች ከላይ ነክታ እንዳትታለል፣ መሃላቸውን በቢላ ከፍታ እንድታይ መከረቻት።

8ኛው ሥጋ ቤት አለው። ትኩስ ሥጋ ወዲያው በረዶ ከገባ ሲፈታ ተኮማትሮ እንደሚጠነክር፣ ስለዚህ መጀመሪያ ተሰቅሎ ማደር እንዳለበት ጻፈ። 7ኛዋ በ9ኛው መልስ ተመለሰች። መጠንከሩ እውነት ነው፤ ጡንቻው ሳያርፍ ስለሚደርቅ ነው። ነገር ግን ሥጋ ቤት ሙሉ ብልት ሲሰቅል ቢላ የነካው ገጽ ጥቂት ነው። ቅርጫ ላይ የተቆራረጠ መደብ ሁሉ ነገሩ እጅና ቢላ የነካው ነው። እሱን ሳሎን ውስጥ መስቀል አይሆንም። መፍትሔዋ ሥጋውን ከፋፍሎ ትሪ ላይ ዘርግቶ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ፣ ከዚያ ፍሪዘር ማስገባት ነው። ሥጋ ቤቱ ነገሩን ተቀበለ፤ እሱም ቢሆን በሙቀት ወራት የሚሰቅለው በማለዳ ታርዶ እስከ ከሰዓት የሚያልቀውን ብቻ እንደሆነ ጨመረ።

11ኛው የጠያቂዋ ነው። ፍሪዘሩ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ነበር፣ መብራት በሌለበት ሰዓት ማንም አልከፈተውም። የቅበላው የተፈጨ ሥጋና ዶሮው እንደደረቁ ናቸው። ትንንሾቹ የጥብስ ጥቅሎች ዳራቸው ላልቶ መሃላቸው ላይ በረዶ አለ። ከጥቁር ፌስታሎቹ አንዱ ግድግዳውን ተደግፎ ስለነበር ሲከፈት እስከ መሃሉ በረዶ ነው። ሌላው ግን ከላይ ስስ በረዶ፣ ሲከፈል ውስጡ ልስልስ፣ ደም የመሰለ ውሃ ያቆረ፣ እጅ ሲገባበት የማይቀዘቅዝ።

በ12ኛውና በ13ኛው መልስ ፍርዱ ተሰጠ። ዶሮውና የተፈጨው እዚያው ይቀመጡ። የጥብሱ ሥጋና በረዶ የሆነው ፌስታል ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ፤ ተመልሶ የደረቀ ሥጋ ግን ውሃውን ስለሚያጣ ለጥብስ ሳይሆን ለቀይ ወጥ ወይም ለምንቸት አብሽ ቢውል ይሻላል። ልስልሱ ፌስታል ይጣል። መሃሉ ስንት ሰዓት ለብ ብሎ እንደቆየ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማብሰል ደግሞ ያንን አይመልሰውም። 14ኛው ስለ ጥቁር ፌስታል ብቻ ጻፈ። ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ ምግብ እንዳይነካው፣ ነጩና ለምግብ የተሠራው ላስቲክ እንዲመረጥ አሳሰበ።

ጠቡ የተነሣው በዶሮ ወጡ ነው። 15ኛዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ዶሮ ወጥ ጠዋትና ማታ እየተንተከተከ ሳምንት ይበላ እንደነበር አስታወሱ። ሽንኩርቱ ውሃውን እስኪጨርስ ቁሌቱ ከተሠራ፣ ቅቤውና በርበሬው ካልጎደለ ወጥ በቀላሉ እንደማይበላሽ ጻፉ። 16ኛው ገና ተማሪ ነው፤ የእሳቸውን ንግግር ድንቁርና አለው። 17ኛውና 18ኛው ወረዱበት። እናት የሚሆኑ ሰው እንዲህ እንደማይነገራቸው፣ እውቀት ያለው ሰው ማስረዳት እንጂ መሳደብ እንደማይገባው ነገሩት። 19ኛው መልስ ላይ የሆቴሏ ሠራተኛ ተመለሰች። እትዬ ብላ በአክብሮት ነው የጻፈችላቸው። እሳቸው ያሉት አያያዝ ራሱን የቻለ ጥበብ እንዳለው አመነች፤ ወጡ ጠዋትና ማታ ሲንተከተክ ባክቴሪያው ፋታ አያገኝም። ይህ ድስት ግን 19 ሰዓት ሙሉ እሳትም በረዶም ሳያገኝ ነው የቆየው።

ቀጥላ ያብራራችው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ቀስ እያለ የሚቀዘቅዝ ወጥ ለአንድ የባክቴሪያ ዓይነት ይመቸዋል፤ ስሙ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል። ዘሩ መፍላትን ተቋቁሞ ያልፋል፤ ወጡ ለብ ሲል ነቅቶ ይራባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለማሞቅ ይሄ ይበቃል፤ የተረፈ ምግብ ሲሞቅ መሃሉ 74 ዲግሪ ከደረሰ ጥሩ ነው። ዘሩን ግን አይገድለውም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ደግሞ ከሰው እጅና አፍንጫ ይመጣል፤ ምግቡ ላይ ከተራባ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ስለዚህ ይህ ዶሮ ወጥ እንደገና ቢንተከተክም አይድንም።

ለሚቀጥለው በዓል የሰጠችው ምክር ይህ ነው። ወጡ ከምድጃ እንደወረደ ጥልቀታቸው ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ዕቃዎች ይከፋፈል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እዚያ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚፈለግ ከሆነ ፍሪዘር፣ ለ2 ወይም ለ3 ወር ጣዕሙ ሳይለወጥ። እንቁላሉ ግን ቀድሞ ይውጣ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ በረዶ ከነካው እንደ ጎማ ይሆናል። 15ኛዋ እናት በ20ኛው መልስ መረቋት። ተማሪውም ይቅርታ ጠየቀ። ውይይቱ ላይ ካነበብኩት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ ጣና ዞረ። 22ኛው ከሐይቁ ዳር አሳ የሚሸጥ ሰው ነው። በጾም ወራት ፈላጊው ስለሚበዛ ሰው ቆሮሶ በብዛት እየገዛ ፍሪዘር እንደሚያስገባ፣ ብዙዎች ግን ከነሆድ ዕቃው እንደሚከቱት ጻፈ። አሳ ከሥጋ ፈጥኖ ነው የሚበላሸው። ሆድ ዕቃው እዚያው ዳር ላይ ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ቤት እስኪደርስ በረዶ አይለየው። እንደ ቆሮሶ ስቡ ጥቂት የሆነ አሳ በፍሪዘር እስከ 6 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል፤ ስብ የሚበዛበት ከ2 እስከ 3 ወር። 23ኛው አሳ በጾም ይበላል ወይ የሚል ጥያቄ ጣለና ነገሩ ተቀጣጠለ። 24ኛው ከለከለ፣ 25ኛዋ ፈቀደች፣ 26ኛው የሁለቱንም እምነት መመርመር ጀመረ። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ጥያቄው ስለ ፍሪዘር እንደሆነ አስታወሰ። ደግ አደረገ። የጾሙ ጉዳይ ከየንስሐ አባት ጋር የሚያልቅ ነው።

28ኛዋ ወደ መንገዱ መለሰችን። የደረቀ ሥጋ በፀሐይ መስኮት ላይ ወይም በሞቀ ውሃ መፍታት ልማዷ እንደሆነ ገልጻ ጉዳቱን ጠየቀች። 29ኛው መልሱን ሰጠ። መሃሉ ገና በረዶ ሳለ ዳሩ ለብ ብሎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ባክቴሪያው የሚሠራው እዚያ ዳር ላይ ነው። በረዶ አልገደለውም፣ አስተኝቶት ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ከማታው ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ መፍታት ነው፤ ደሙ ሰላጣና ፍራፍሬ ላይ እንዳይንጠባጠብ ከታች መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጎድ ባለ ሳህን ውስጥ። እንዲህ የተፈታ ሥጋ ሐሳብ ከተለወጠ ሳይበስል ተመልሶ ሊደርቅ ይችላል። የቸኮለ ሰው ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከረው፣ ውሃውን በየ30 ደቂቃው ይለውጥ። ግማሽ ኪሎ በአንድ ሰዓት ገደማ ይፈታል፤ እሱ ግን ወዲያው መብሰል አለበት። 30ኛዋ ቧንቧ በማይመጣበት ቀን በየ30 ደቂቃው የሚለወጥ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። እውነቷን ነው። መልሱ ቀላል ሆነ፤ ሳይፈታ ድስት ውስጥ ይግባ፣ ማብሰያው ጊዜ በግማሽ ያህል ይጨምር።

ከ31ኛው እስከ 33ኛው የሄደው ስለ ክትፎ ነው። አንዱ ሥጋን በረዶ ካስገቡት በኋላ ጥሬውን መብላት እንደማያሰጋ ጻፈ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ 32ኛዋም አላለፈችውም። የኮሶ ትል እጭ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ከቆየ ይሞታል። የብዙ ፍሪጅ ትንሿ የበረዶ ሳጥን ግን እዚያ አትደርስም። ደርሳም ቢሆን ሳልሞኔላና ኢኮላይ የሚባሉት ባክቴሪያዎች በረዶን ተቋቁመው ያልፋሉ። አባ ሰንጋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዘሩን በረዶም ተራ ማብሰልም አያጠፋውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፤ የቅርጫ በሬ ሲታረድ የእንስሳት ሐኪም ይየው፣ ታሞ የወደቀ ከብት በምንም ምክንያት አይታረድ። 33ኛው ጥሬ ሥጋ ያደግንበት ባህል እንደሆነ በሻካራ ቃል መለሰላት። ባህል መሆኑን ማንም አልካደም። የተባለው ፍሪዘር ጥሬ ሥጋን አያነጻም ነው።

34ኛዋ አሠራሯን በዝርዝር ጻፈች፤ እኔም ቤቴ ውስጥ የምከተለው ይህንኑ ነው። ሥጋው የሚከፈለው ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከገባ በኋላ ትሪ ላይ ተጋድሞ በመዳፍ ይደፈጠጣል፣ ውፍረቱ ከሁለት ጣት እስከማይበልጥ ድረስ። አየሩ ከታች ወደ ላይ እየተጨመቀ ይወጣና አፉ ይታሰራል። አየር አብሮት የታሰረ ሥጋ ገጹ ነጣ ብሎ ይደርቃል፤ አይጎዳም፣ ጣዕም ግን የለውም። በፕላስተር ላይ የሥጋው ዓይነትና ቀኑ ተጽፎ ይለጠፋል። የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሙሉ ሥጋ ከ4 እስከ 12 ወር፣ ሙሉ ዶሮ እስከ አንድ ዓመት። መጀመሪያ ተነጣጥለው ይደርደሩ፣ ሲደርቁ ይደራረቡ። ሌላም አላት። በብርጭቆ ውሃ አድርቃ በረዶው ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለች። ክፍለ አገር ሄዳ ስትመለስ ሳንቲሙ ከላይ ከሆነ ፍሪዘሩ አልፈታም። ወደ ታች ሰጥሞ ከደረቀ መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ነበር ማለት ነው፤ አሁን ሁሉም ነገር ድንጋይ ቢሆንም።

35ኛው ለምን ቋንጣ እንደተረሳ ጠየቀ። ልክ ነው። መብራት በማይታመንበት ቦታ የተረፈው ትኩስ ሥጋ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ቢሰቀል ፍሪዘሩን ያሳርፈዋል። በሚያዝያ ቶሎ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ የክረምቱ እርጥበት ስላለ ይሻግታል፣ ያኔ ጭስ ያስፈልገዋል። ጠያቂዋ ልስልሱን ፌስታል ቋንጣ ላድርገው ብላ ብትጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ ከለከሏት። ቋንጣ የሚሆነው ትኩሱ ነው።

እሷም ልስልሱን ሥጋና ወጡን ጥላ፣ ቀሪውን በ34ኛዋ ዘዴ ከፋፍላ መልሳ ማስገባቷን ጻፈች። ከዚያ ስለ ጉበትና ስለ ጨጓራ አዲስ ጥያቄ አነሣች። 38ኛው መልስ ሁለቱም ከ3 እስከ 4 ወር በፍሪዘር እንደሚቆዩ፣ ጨጓራው በደንብ ታጥቦ ለብቻው እንዲታሰር፣ ጉበቱ ግን በገባበት ቀን ካልደረቀ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ እንዳይቆይ ነገራት።